ዓምዶች ከዳታቤዝ ወደ ስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ሲመጡ የሚደጋገሙ ስሞች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ ሁሉ «ታካሚ» እና «ጉብኝት» በሚባሉ ሁለት ሠንጠረዦች ላይ ናቸው፤ ሁለቱም «መለያ»፣ «ቀን» እና «ሁኔታ» የሚሉ ዓምዶች አሏቸው።

ተመሳሳይ የተለዋዋጭ ስም ሲባል ምን ማለት ነው? ከየት ይመጣል?

አንድ ኩዌሪ (ለዳታቤዝ የሚጻፍ ጥያቄ) ወደ ስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ በሚያመጣው ውጤት ውስጥ ሁለት ዓምዶች አንድ ስም ይዘው ሲቀርቡ ማለት ነው። በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ይህ አይሆንም፤ ሠንጠረዡ ሲፈጠር ዳታቤዙ እምቢ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ሁለት ሠንጠረዦች በጆይን፣ ማለትም ረድፎቻቸው በጋራ ዓምድ ጎን ለጎን ሲያያዙ፣ ሲጣመሩ ነው። ታካሚ የራሱ «መለያ» አለው፤ ጉብኝትም የራሱ «መለያ» አለው። ሠንጠረዦቹን የነደፈው ሰው ምንም አላጠፋም፤ በየቤታቸው ሳሉ ስሞቹ ግልጽ ናቸው። ግራ የሚያጋቡት አብረው ሲቀመጡ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስማቸው አንድ ስለሆነ ይዘታቸውም አንድ ይመስለዋል። የታካሚ «መለያ» ሰውየውን ይለያል፤ የጉብኝት «መለያ» አንዱን ጉብኝት ይለያል። «ይህማ ድግግሞሽ ነው» ብሎ አንዱን የጣለ ሰው የጣለው ስም ሳይሆን ዳታ ነው።

ዳታቤዙ ራሱ ለምን አይከለክለውም?

የኩዌሪ ውጤት ሠንጠረዥ ስላልሆነ ነው። በኩዌሪው ውስጥ «ታካሚ.መለያ» እና «ጉብኝት.መለያ» ብለን ስንጽፍ ዳታቤዙ ሁለቱን በሚገባ ይለያቸዋል፤ ውጤቱን ሲያስረክብ ግን ከነጥቡ በፊት ያለው የሠንጠረዥ ስም ይቀራል፤ አብሮ የሚወጣው «መለያ» የሚለው ብቻ ነው። ፖስትግሬስም ሆነ ማይኤስኪውኤል ወይም ኤስኪውኤል ሰርቨር ሁለት «መለያ» ያለው ውጤት ያለ ቅሬታ ያስረክባሉ። የስታቲስቲክስ ሶፍትዌሩ የሚቀበለውም ይህንኑ ነው፤ ዓምዱ ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደመጣ ማወቂያ የለውም።

ያንኑ ኩዌሪ ቪው (በዳታቤዙ ውስጥ ስም ተሰጥቶት የተቀመጠ ኩዌሪ) ወይም አዲስ ሠንጠረዥ ለማድረግ ሲሞክሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ማይኤስኪውኤል ስሕተት 1060 ብሎ ይቆማል፤ ኦራክል «ኦራ 00957» ይላል፤ ፖስትግሬስ ዓምዱ ከአንድ ጊዜ በላይ ተጠቅሷል ብሎ ይመልሳል። ይህ ለሙከራ ይጠቅማል፦ ኩዌሪዎ ንጹሕ መሆኑን ከተጠራጠሩ ቪው አድርገው ለመፍጠር ይሞክሩ። ካለፈ የተደገመ ስም የለም።

እኔ የምሠራበት ሶፍትዌር የተደገመ ስም ሲያገኝ ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ አንድ ደንብ የለም፤ አደጋውም ከዚሁ ይጀምራል። ሳስ ውስጥ በፕሮክ ኤስኪውኤል ሁለት ሠንጠረዦች አጣምረው አዲስ ሠንጠረዥ ሲፈጥሩ ተለዋዋጩ ቀድሞ አለ የሚል ማስጠንቀቂያ ሎጉ (የሥራው መዝገብ) ላይ ይጻፋል፤ መጀመሪያ የተጠቀሰው ይቀራል፣ ሁለተኛው ይጣላል። ስሕተት አይደለም፣ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሥራው ይቀጥላል። እዚያው ሳስ ውስጥ በዳታ ስቴፕ «መርጅ» ቢያደርጉት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ ኋላ የተጠቀሰው ሠንጠረዥ ዋጋ የፊተኛውን ይደመስሰዋል። አንድ ሶፍትዌር፣ ሁለት መንገድ፣ ሁለት የተለያየ መልስ። ስታታ «መርጅ» ሲያደርግ፣ ካላዘዙት በቀር፣ አስቀድሞ የተከፈተውን ዳታ ዋጋ ይይዛል። ኤስፒኤስኤስም ፋይሎችን ሲያዛምድ ቀድሞ የተጠቀሰውን ያስቀድማል።

አር እና ፓይተን ጠባያቸው ይለያል። የአር መደበኛ ዳታፍሬም (የዳታ ሠንጠረዥ) ሁለት «መለያ» ሊሸከም ይችላል፤ በዶላር ምልክት «መለያ»ን ሲጠሩት የመጀመሪያውን ይሰጥዎታል፤ ሌላ መኖሩን እንኳ አይነግርዎትም። ቲብል (ሌላው የአር ዳታፍሬም ዓይነት) ግን ገና ሲፈጠር ስሙ መደገም የለበትም ብሎ ይቆማል። ፓንዳስ (የፓይተን የዳታ ላይብረሪ) ከዳታቤዝ ያነበበውን እንዳለ ያስቀምጠዋል፤ «መለያ»ን ሲጠሩት አንድ ዓምድ በመስጠት ፈንታ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ይመልሳል። ስሕተቱ የሚፈነዳው ከዚያ ብዙ መስመር ርቆ ነው፤ መልእክቱም ስለ ስም ምንም አያወራም።

ከሁሉም የምወደው የሚቆመውን ነው። ሥራዬን የሚያቋርጥ ስሕተት የ5 ደቂቃ ጣጣ ነው። በዝምታ ያለፈ ግን መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም። አንድ ጊዜ የትውልድ ቀንን ከ«ቀን» ላይ ቀንሼ ዕድሜን አሰላሁ፤ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ይመስሉ ነበር። ኋላ አንድ ባልደረባ በ6 ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ የመጣ ታካሚ አንድ ቀን እንኳ እንዳላረጀ አየ። የቀረው የምዝገባው «ቀን» ነበር፤ የጉብኝቱ ቀን ተጥሏል። ማስጠንቀቂያው ሎጉ ላይ ነበር፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ቀላሉ መፍትሔ ምንድን ነው?

ዓምዶቹን በኩዌሪው ውስጥ አንድ በአንድ መጥራትና ለሚጋጩት ቅጽል ስም መስጠት። የታካሚውን «ቀን» «አዝ ምዝገባ_ቀን»፣ የጉብኝቱን «ቀን» «አዝ ጉብኝት_ቀን» ብለው ያወጡታል፤ «አዝ» በኩዌሪ ውስጥ ቅጽል ስም የሚሰጥ ቃል ነው። ሁለቱም «ሁኔታ» እንዲሁ፦ አንዱ የጋብቻ ሁኔታ፣ ሌላው ጉብኝቱ የተጠናቀቀ ወይም የተሰረዘ መሆኑን የሚናገር ሊሆን ይችላል፤ ስማቸው ይህን ይናገር።

ለምን በኩዌሪው ውስጥ? ዓምዱ ከየት እንደመጣ የሚታወቀው እዚያ ብቻ ስለሆነ ነው። ዳታው ስታታ ወይም አር ውስጥ ከገባ በኋላ ስም መቀየር ይቻላል፤ ግን ያኔ የትኛው «ቀን» የማን እንደሆነ የሚለዩት በቅደም ተከተል ወይም በግምት ነው። ቅደም ተከተል ደግሞ ነገ ኩዌሪውን ሌላ ሰው ሲነካው ይለወጣል።

«ሰሌክት ኮከብ» መጠቀም የለብኝም ማለት ነው?

«ሰሌክት ኮከብ» ዓምዶቹን ሳይዘረዝሩ ሁሉንም መጥራት ነው፤ አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት ከሆነ ምንም አይደለም። ጆይን ባለበትና በየጊዜው በሚሠራ ስክሪፕት ውስጥ ግን ይተዉት። ዛሬ ምንም የሚጋጭ ስም ባይኖር እንኳ በሚቀጥለው ወር የዳታቤዙ ባለሙያ ለሁለቱም ሠንጠረዦች «የታደሰበት_ጊዜ» የሚል ዓምድ ይጨምራል፤ እርስዎ አንድም ፊደል ሳይነኩ ኩዌሪዎ ድግግሞሽ ማምጣት ይጀምራል።

ቢግኩዌሪ ከኮከቡ ቀጥሎ «ኤክሰፕት» ተብሎ የማይፈለጉ ዓምዶች እንዲቀነሱ ይፈቅዳል፤ ስኖውፍሌክና ደክዲቢ ለዚሁ «ኤክስክሉድ» አላቸው። ሳስ ላይ ደግሞ ፕሮክ ኤስኪውኤልን «ፊድባክ» ከሚለው አማራጭ ጋር ቢያስጀምሩት ኮከቡ የሚወክላቸውን ዓምዶች በሙሉ ሎጉ ላይ ዘርዝሮ ይጽፍልዎታል፤ ያንን ገልብጦ ማረም ከባዶ ከመጻፍ ይሻላል።

ሠንጠረዡ 200 ዓምድ ቢኖረውስ? ሁሉን በእጅ ልጻፍ?

አይጻፉ፤ ዳታቤዙ ይጻፍልዎት። ፖስትግሬስ፣ ማይኤስኪውኤልና ኤስኪውኤል ሰርቨር «ኢንፎርሜሽን ስኪማ» ውስጥ «ኮለምንስ» የሚባል ዝርዝር አላቸው፤ እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ምን ምን ዓምድ እንዳለው እዚያ ተመዝግቧል። በኦራክል ተመሳሳዩን ሥራ የሚሠራው «ኦል ታብ ኮለምንስ» ነው። ሊያጣምሯቸው ያሰቧቸውን ሠንጠረዦች ብቻ መርጠው፣ በዓምድ ስም ቡድን ሠርተው፣ ቁጥራቸው ከ1 የበለጠውን ቢያወጡ የሚጋጩት ስሞች ከነሙሉ ዝርዝራቸው ፊትዎ ይመጣሉ። ብዙውን ጊዜ ከ200ዎቹ ውስጥ የሚጋጩት ጥቂቶች ናቸው፤ ቅጽል ስም የሚያስፈልገው ለእነሱ ብቻ ነው።

ከዚሁ ዝርዝር ላይ የሠንጠረዡን ምሕጻር፣ የዓምዱን ስም፣ «አዝ» የሚለውን ቃልና አዲሱን ስም አያይዞ የሚጽፍ ትንሽ ኩዌሪ ከሠሩ ደግሞ የ«ሰሌክት» መስመሮቹ ተዘጋጅተው ይወጣሉ። እርስዎ መገልበጥና ማስተካከል ብቻ ነው።

ቅጽል ስም ስሰጥ ምን ዓይነት ደንብ ልከተል?

ሁለት ልማዶች አሉ። አንዱ የሠንጠረዡን ምሕጻር ከፊት ማስቀደም ነው፦ «ታ_ቀን»፣ «ጉ_ቀን»። ይህ በማሽን ለማመንጨት ይመቻል፤ ተለዋዋጮቹ በፊደል ተራ ሲደረደሩም የአንድ ሠንጠረዥ ዓምዶች አብረው ይቀመጣሉ። ሌላው ትርጉሙን መጻፍ ነው፦ «ምዝገባ_ቀን»፣ «ጉብኝት_ቀን»። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ውጤቱን የሚያነበው ሰው «ታ» ምን እንደነበር ላያውቅ ይችላል። ዓምዶቹ ከመቶ ካለፉ ግን ለፊተኛው እጄን እሰጣለሁ።

የትኛውንም ቢመርጡ አጭር ያድርጉት። ከፊት የሚጨመረው ምሕጻር ስሙን ያረዝመዋል፤ ርዝመት ምን ጣጣ እንደሚያመጣ ወረድ ብሎ ያለው ጥያቄ ያሳያል።

«ዩዚንግ» ወይም «ናቹራል ጆይን» ችግሩን አይፈቱትም?

«ዩዚንግ» (ጆይኑ በየትኛው የጋራ ስም እንደሚሆን የሚናገረው ቃል) በከፊል ይፈታል። ሁለቱ ሠንጠረዦች «ታካሚ_መለያ» በሚል በአንድ ስም በሚጠሩት ዓምድ ከተጣመሩ፣ በ«ሰሌክት ኮከብ» ውጤት ውስጥ ያ ዓምድ አንድ ጊዜ ብቻ ይወጣል። ሌሎቹን፣ ማለትም «ቀን» እና «ሁኔታ»ን፣ አይነካቸውም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ደግሞ ከነጭራሹ «ዩዚንግ»ን አያውቅም።

«ናቹራል ጆይን»ን ግን ይራቁት። ስማቸው አንድ የሆነውን ዓምድ ሁሉ የማጣመሪያ ቁልፍ ያደርገዋል። በእኛ ምሳሌ የታካሚው መለያ ከጉብኝቱ መለያ፣ የምዝገባው ቀን ከጉብኝቱ ቀን፣ የጋብቻው ሁኔታ ከጉብኝቱ ሁኔታ እኩል የሆኑባቸውን ረድፎች ብቻ ያመጣል። የተደገመ ስም አይኖርም፤ ዳታም አይኖርም።

ሶፍትዌሩ ራሱ ተቀጥላ እየጨመረ ይለያቸው የለ? ለምን ልጨነቅ?

ይጨምራል። በአር «መርጅ»ም ሆነ ዲፕላየር የሚባለው የአር ጥቅል ጆይኖች ከሚጋጩት ስሞች ጫፍ ላይ ነጥብ ኤክስና ነጥብ ዋይ ይለጥፋሉ፤ ፓንዳስ በነጥቡ ፈንታ የታች ሰረዝ ያደርጋል። ለአንድ ቀን ሥራ ይበቃል። ችግሩ ተቀጥላው የሚመጣው ግጭት ሲኖር ብቻ መሆኑ ነው። ስክሪፕትዎ «ቀን» ከነጥብ ዋይ ጋር እንዲፈልግ ጽፈውታል እንበል። ነገ ከታካሚ ሠንጠረዥ «ቀን» የሚለው ዓምድ ቢነሳ ግጭት የለም፣ ተቀጥላም የለም፣ ስክሪፕቱም የሚፈልገውን ያጣል። ሁለቱን ሠንጠረዦች በተገላቢጦሽ ቢጠሯቸው ደግሞ ይብሳል፤ ኤክስ የነበረው ዋይ ይሆናል፣ ስክሪፕቱ ግን ያለ አንዳች ቅሬታ ይሠራል።

ሦስት ወይም አራት ሠንጠረዥ ተራ በተራ ሲጣመር የትኛው ተቀጥላ የማን እንደሆነ ማስታወስ የሚችል ሰው አላየሁም። የግድ በሶፍትዌሩ ውስጥ ማጣመር ካለብዎ ቢያንስ ተቀጥላውን ራስዎ ይወስኑ፤ ዲፕላየርም ፓንዳስም ይህን ይፈቅዳሉ። «_ታካሚ» እና «_ጉብኝት» የሚሉ ተቀጥላዎች ከኤክስና ዋይ ይልቅ ራሳቸውን ይገልጻሉ።

በሌፍት ጆይን ውስጥ ከሁለቱ ቁልፎች የትኛውን ላስቀር?

የግራውን። ሌፍት ጆይን የግራውን ሠንጠረዥ (እዚህ ታካሚን) ረድፎች ሁሉ ስለሚይዝ ምንም ጉብኝት የሌለው ታካሚም በውጤቱ ውስጥ ይኖራል፤ ከጉብኝት ሠንጠረዥ የመጣው «ታካሚ_መለያ» (ጉብኝቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው ቁልፍ) ግን በዚያ ረድፍ ላይ ባዶ ነው። በስሕተት የቀኙን ብቻ ካስቀሩ እነዚያ ታካሚዎች ማን እንደሆኑ የማይታወቅ ረድፎች ይሆናሉ፤ በመለያ ሲቆጥሩም ከቁጥሩ ይወድቃሉ።

የቀኙን ግን ወዲያው አይጣሉት። «ጉብኝት_ቁልፍ» በሚል ሌላ ስም ቢያመጡት ጥሩ መፈተሻ ነው፦ ባዶ ከሆነ አልተጣመረም ማለት ነው። ፉል ጆይን (የሁለቱንም ሠንጠረዦች ረድፎች ሁሉ የሚይዘው) ከሆነ ግራም ቀኝም ባዶ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱን ባዶ ያልሆነውን በሚመርጠው «ኮዋለስ» አንድ አድርገው በአንድ ስም ያውጡ።

«መለያ»ን በላቲን ፊደል በትልቁም በትንሹም የጻፉ ሁለት ዓምዶች አሉ። እንደ አንድ ይቆጠራሉ?

መልሱ በመንገዱ ላይ ባሉት ሁሉ ይወሰናል። ስታታ፣ አርና ፓይተን ትልቅና ትንሽ ፊደልን ይለያሉ፤ ለእነሱ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው። ሳስና ኤስፒኤስኤስ አይለዩም፤ ለእነሱ አንድ ስም ነው፣ ስለዚህ ይጋጫሉ። በዳታቤዝ በኩል ደግሞ ፖስትግሬስ በጥቅስ ያልተከበበን ስም ወደ ትንሽ ፊደል፣ ኦራክል ወደ ትልቅ ፊደል ይመልሱታል፤ በጥቅስ ከተከበበ ግን እንደተጻፈ ይቆያል። በፖስትግሬስ ውስጥ በጥቅስ የተፈጠሩ ሁለት ዓምዶች በአር በሰላም ኖረው ሳስ ሲደርሱ የሚጋጩት ለዚህ ነው።

ስታታ ከኦዲቢሲ (ሶፍትዌርን ከዳታቤዝ ጋር የሚያገናኝ መስመር) ሲጭን ስሞቹን ሁሉ ወደ ትንሽ ፊደል የሚለውጥ አማራጭ አለው። ምቹ ነው፤ ግን ከላይ ያለውን ግጭት ራሱ ሊፈጥረው ይችላል።

ስሞቹ ዳታቤዙ ውስጥ የተለያዩ ነበሩ። ሲመጡ እንዴት አንድ ሆኑ?

ሁለት ምክንያቶች አሉ፤ አንዱ መቆረጥ ነው። ሳስና ስታታ የተለዋዋጭ ስም ከ32 ፊደል እንዲበልጥ አይፈቅዱም፤ ኤስፒኤስኤስ 64 ባይት ይፈቅዳል። ዳታቤዞቹ ሰፋ ያሉ ናቸው፦ ፖስትግሬስ 63 ባይት፣ ማይኤስኪውኤል 64 ፊደል፣ ኤስኪውኤል ሰርቨር 128። ኦራክል ለረጅም ዘመን 30 ባይት ላይ ቆይቶ ከስሪት 12.2 ጀምሮ 128 ሆኗል። «የቤተሰቡ_ኃላፊ_ባለፉት_ሰባት_ተከታታይ_ቀናት_የሠራው_ሰዓት» እና «የቤተሰቡ_ኃላፊ_ባለፉት_ሰባት_ተከታታይ_ቀናት_የሠራው_ሥራ» የሚለያዩት መጨረሻ ላይ ነው፤ ጫፉ ሲቆረጥ መንታ ይሆናሉ። ረጃጅም የመጠይቅ ጥያቄዎች በዓምድ ስምነት ሲያገለግሉ ይህ በየጊዜው ያጋጥማል።

ወሰኑ በባይት ሲሆን ለእኛ ፊደል ይጠብባል፤ በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የፖስትግሬስ 63 ባይት 21 ፊደል ብቻ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ጽዳት ነው። ሶፍትዌሩ የማይቀበላቸውን ምልክቶች፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ የመቶኛ ምልክት፣ አውጥቶ በነጥብ ወይም በታች ሰረዝ ይተካል። «ክብደት-ኪሎ» እና «ክብደት ኪሎ» ሁለቱም «ክብደት_ኪሎ» ይሆናሉ። ለሁለቱም ምክንያቶች መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የሚጠቀሙበትን ሶፍትዌር ደንብ የሚያሟላ አጭር ስም በኩዌሪው ውስጥ መስጠት፣ ረጅሙን መግለጫ ደግሞ የተለዋዋጩ ሌብል ማድረግ።

«አዝ» ብዬ አዲስ ስም ሰጥቼ ሳለ የድሮው ስም ለምን መጣ?

ኩዌሪውን ከመጠርጠር በፊት ድራይቨሩን፣ ማለትም ሶፍትዌሩን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘውን ፕሮግራም፣ ይመልከቱ። በጄዲቢሲ (የጃቫ የዳታቤዝ መገናኛ) እያንዳንዱ የውጤት ዓምድ ሁለት መጠሪያ አለው፦ የዓምዱ ስምና የዓምዱ ሌብል። በ«አዝ» የሰጡት ቅጽል የሚገኘው በሌብሉ ውስጥ ነው፤ ስሙ በሠንጠረዡ ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል። የሚጠቀሙት መሣሪያ ሌብሉን ሳይሆን ስሙን የሚጠይቅ ከሆነ ልፋትዎ ሁሉ አይታየውም። የማይኤስኪውኤል የጄዲቢሲ ድራይቨር ለዚህ የድሮውን አሠራር የሚመልስ የግንኙነት አማራጭ አለው። አማራጩ ከሌለዎት ኩዌሪውን ቪው ያድርጉትና ከቪው ላይ ያንብቡ፤ በብዙ ዳታቤዞች በቪው ውስጥ ቅጽሉ ራሱ የዓምዱ ስም ስለሚሆን የሚያመልጥበት መንገድ ይጠባል።

ቪው ሌላም ጥቅም አለው። አራት ሰው ከአንድ ዳታቤዝ እየጎተተ አንዱ በስታታ፣ ሌላው በአር ቢሠራ፣ እያንዳንዱ በየቤቱ ስም ሲያወጣ ውጤታቸውን ማነጻጸር ፈተና ይሆናል። ስሙን አንድ ጊዜ ቪው ላይ መወሰን ይሻላል።

ዳታው ከገባ በኋላ እንዴት ላረጋግጥ?

ከመጫኛው መስመር ቀጥሎ ሁለት መስመር ይበቃል። የመጀመሪያው፣ ስሞቹን ሁሉ ወደ ትንሽ ፊደል ለውጦ የተደገመ ካለ ስክሪፕቱ እንዲቆም ማድረግ፤ አር ለዚህ «ኤኒ ዱፕሊኬትድ» አለው፣ ፓንዳስ ደግሞ የዓምዶቹን ዝርዝር «ኢዝ ዩኒክ» ብሎ መጠየቅ ይፈቅዳል። ሁለተኛው የዓምዶቹን ብዛት መቁጠር ነው። ሳስ አንዱን ጥሎ ካመጣ የተደገመ ስም ፍለጋ ምንም አያገኝም፤ የተደገመው ተጥሏልና። ኩዌሪው 14 ዓምድ ጠርቶ 13 ከመጣ ግን አንድ ነገር በመንገድ ቀርቷል፤ ወደ ሎጉ ይመለሱ።